ላ ሚኖር በአፍሪዳር፦ ልጃችን ፒያኖ ላይ «ሱላም» ስትለማመድ ወላጅ ምን ይስማ?

በማኅበረሰባችን ውስጥ ልጆቻቸውን በማትናስ ወይም በኮንሰርቫቶርዮን ፒያኖ የሚያስተምሩ ወላጆች አሉ። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ራሳችን ፒያኖ ነክተን ስለማናውቅ፣ ልጁ እቤት ቁጭ ብሎ ሲለማመድ ምን እየሠራ እንደሆነ አይገባንም። በተለይም ዘፈን ሳይሆን «ሱላም» የሚባለውን፣ ማለትም ድምፆቹን በተራ ወደ ላይና ወደ ታች እየደጋገመ ሲጫወት፣ ጊዜ የሚያባክን ይመስለናል። በዛሬው ጽሑፍ ከሱላሞቹ አንዱ የሆነው «ላ ሚኖር» እንዴት እንደተሠራ፣ ልጆች እንዴት እንደሚለማመዱትና ኖታ ማንበብ የማይችል ወላጅም ምን ሊረዳ እንደሚችል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አስቀድሜ ግን የራሴን ጥፋት ልናገር። የምንኖረው በአሽቀሎን ከተማ በአፍሪዳር፣ ከሰዓት ማማው ብዙም ሳይርቅ ነው። እንደሚታወቀው ይህን ሰፈር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያቋቋሙት የደቡብ አፍሪካ አይሁዶች ሲሆኑ፣ ስሙም «አፍሪካ»ና «ዳሮም» (ደቡብ) ከሚሉት ቃላት የተገጠመ ነው። ቤቶቹ አሮጌ፣ ግድግዳቸውም ድምፅ የሚያሳልፍ ነው። አንድ ቀን ከሌሊት ሥራ ተመልሼ ልተኛ ስል፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ የነበረው ልጄ እነዚያኑ ስምንት ድምፆች ሃያ ጊዜ ያህል ደጋገመቻቸው። «አሁንስ በቃሽ! ወይ ዘፈን ተጫወች፣ ወይ ዝጊው» አልኳት። ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልነካችውም።

መምህሯ ከሩሲያ የመጣች ሴት ናት። ነገሩን ስትሰማ አስጠራችኝና «ልጅህ ጆሮ አላት፤ ጣቶቿ ግን ገና መንገድ አያውቁም። ሱላሙ መንገዱ ነው። እርሱን ከዘጋህባት በዓመት ውስጥ ትተወዋለች» አለችኝ። የሁለታችንም ዕብራይስጥ የተሰባበረ ስለሆነ በደንብ ተግባባን። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመማሪያው ክፍል ጥግ ላይ ወንበር ይዤ መቀመጥ ጀመርኩ። ከዚህ በታች የምጽፈውም አብዛኛው ከዚያ ወንበር ላይ የተማርኩት ነው።

ሱላም ማለት መሰላል ነው

«ሱላም» በዕብራይስጥ መሰላል ነው፤ ሁለቱ ቃላት ለጆሮ ይቀራረባሉ። በሙዚቃም ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ከአንድ ድምፅ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ መውጣትና በዚያው መውረድ። እስራኤል ውስጥ የድምፆቹ ስም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ሲሆን ከሲ በኋላ እንደገና ዶ ይመጣል።

ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር ናቸው። ከአንዱ ቁልፍ ነጭም ሆነ ጥቁር እጎኑ እስካለው ቁልፍ ያለው ርቀት «ግማሽ ቶን» ይባላል። ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ ቶን ነው። አንድ ጥቁር ቁልፍ ከግራው ነጭ ከፍ ያለ ድምፅ ሆኖ ሲጠራ «ዲዬዝ»፣ ከቀኙ ነጭ ዝቅ ያለ ሆኖ ሲጠራ ደግሞ «ቤሞል» ይባላል። አሁን ፒያኖው ፊት ቆመው ይመልከቱ። በአብዛኛዎቹ ነጭ ቁልፎች መካከል ጥቁር አለ፤ በሚና በፋ መካከል፣ እንዲሁም በሲና በዶ መካከል ግን የለም። በመሆኑም በነጮቹ ላይ ብቻ ስንሄድ እነዚህ ሁለት ቦታዎች ጠባብ ደረጃዎች፣ የቀሩት ሰፊ ደረጃዎች ናቸው። የማጆርና የሚኖር ልዩነት የሚመጣው ጠባቦቹ ደረጃዎች ከመነሻችን ስንት እርምጃ ላይ እንደሚገኙ ነው።

ከዶ ተነሥተን ነጮቹን ብቻ ብንጫወት ዶ ማጆር ይሆናል። ከላ ተነሥተን ነጮቹን ብቻ ብንጫወት ላ ሚኖር ይሆናል። ቁልፎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ቤቱ፣ መነሻና መመለሻው ነው። በላ ሚኖር ከላ ወደ ሲ ሰፊ፣ ከሲ ወደ ዶ ጠባብ፣ ከዶ ወደ ሬና ከሬ ወደ ሚ ሰፊ፣ ከሚ ወደ ፋ ጠባብ፣ ከፋ ወደ ሶልና ከሶል ወደ ላ ሰፊ ነው። ዋናው ምልክት ሦስተኛው ድምፅ ነው። ላን፣ ዶንና ሚን አንድ ላይ ተጭነው ይስሙ። ከዚያ ዶን ትተው ከቀኙ ያለውን ጥቁር፣ ዶ ዲዬዝን ይጫኑ። ድምፁ ወዲያው ሲፈካ ይሰማዎታል፤ ሚኖር የነበረው ማጆር ሆነ ማለት ነው።

ሚኖር የሐዘን፣ ማጆር የደስታ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሁላችንም ቆመን የምንዘምረው ሀትክቫ ሚኖር ነው፤ የተለመደው አጻጻፉም በሬ ሚኖር ነው። ግጥሙን የጻፈው ናፍታሊ ሄርዝ ኢምበር ሲሆን፣ ዜማውን በ1880ዎቹ ያስማማለት የሪሾን ለጽዮን ሰፋሪ የነበረው ሳሙኤል ኮሄን ነው፤ መነሻው የሞልዳቪያ የሕዝብ ዜማ ነው ይባላል። የዜማው መጀመሪያ የሚኖርን መሰላል ከመጀመሪያው እስከ አምስተኛው ደረጃ አንድ በአንድ ይወጣል። ስለዚህ ልጅዎ በትምህርት ቤት ጤክስ ላይ ሀትክቫን ከዘመረች የሚኖርን ግማሽ መንገድ በአፏ ታውቀዋለች፤ የቀረው ለጣቶቿ ማሳየት ነው።

እናቴ ያወቀችው

እናቴ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከመጡት አንዷ ናት። ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ልጄ ልምምዱን እንደገና ከጀመረች በኋላ አንድ ማታ እናቴ ጠጋ ብላ አዳመጠችና «ይኼ የምትነኪው ትዝታ አይደለም እንዴ የኔ ልጅ? ግን ትርፍ ነገር ጨምረሽበታል» አለቻት።

ልጄ «እምየ፣ ይኼኮ ላ ሚኖር ነው» ብላ ሳቀችባት። እኔም ሳቅሁ። በሳምንቱ ለመምህሯ ስነግራት ግን አልሳቀችም። «የትኞቹ ናቸው ትርፎቹ?» ብላ ጠየቀች። እቤት ሄደን እናቴን አጠገቧ አስቀምጠን፣ ልጄ አንድ በአንድ እየነካች «ይኼስ? ይኼስ?» ስትላት፣ እናቴ ሬንና ሶልን አወጣቻቸው። የቀሩት ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ሆኑ።

ይህ በሙዚቃ መምህራን ዘንድ «ትዝታ ማይነር» የሚባለው ቅኝት ነው። አራተኛውና ሰባተኛው ደረጃ የወጡለት ተፈጥሯዊ ሚኖር ማለት ነው። እናቴ ትርፍ ነው ያለችው በትክክል ትርፉን ነበር። የኢትዮጵያ ቅኝቶች በአብዛኛው በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ሲሆን ዋናዎቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ከላ ሚኖር ሲንና ፋን ብናወጣ ደግሞ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ይቀራል፤ ይኸውም ባቲ ማይነር ነው። በጣም የሚገርመው ሌላ ነገር አለ። የትዝታ ማይነሮቹን አምስት ድምፆች ሳንቀይር መነሻችንን ሚ ብናደርግ፣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ አምባሰል ይሆናል። ቁልፎቹ አንድ ናቸው፣ ቤቱ ሌላ ነው፤ የዶ ማጆርና የላ ሚኖር ነገር ማለት ነው። አንቺ ሆዬ ግን በነጮቹ ብቻ አይገኝም፤ ጥቁር ቁልፍ ይፈልጋል።

እርግጥ ክራርና መሰንቆ በጆሮ ስለሚቃኙ ድምፃቸው ሁልጊዜ ከፒያኖው ጋር ልክ አይገጥምም። እናቴም «ትንሽ ይጎረብጣል» ትላለች፤ ልክ ናት። የቄሶቻችን ጸሎት ደግሞ በነጋሪትና በቃጭል የሚሄድ ራሱን የቻለ ዜማ ስለሆነ በነጭና በጥቁር ቁልፍ ልንለካው አይገባም። ለዘፈኖቻችን ግን ከፒያኖው በር የሚያስገባ መንገድ አለ፤ ያንን መንገድ የሄዱ ሰዎችም አሉ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረው፣ በኋላም ካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተምረው፣ የኢትዮጵያን ቅኝት ለብቻው በፒያኖ የተጫወቱ መነኩሲት ነበሩ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ወጣ። ዓለም በሰፊው ያወቃቸው ግን በ2006፣ «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ አልበም 21ኛው ቁጥር ነው። ከ1984 ጀምሮ የኖሩት ከእኛ ሩቅ አልነበረም፤ ኢየሩሳሌም፣ የኢትዮጵያ ገዳም ውስጥ ነበሩ። በ2023 መጋቢት ወር በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። እናቴ ቀረጻቸውን ስታዳምጥ ከፒያኖው ይልቅ በገና የምትሰማ ነው የሚመስላት።

ሚኖር ሦስት መልክ አለው

ልጁ «ዛሬ ሚኖር ሃርሞኒ ነው የተሰጠኝ» ካለ ወላጅ እንዳይደናገር ይህንን ባጭሩ ልግለጽ። እስካሁን ያየነው በነጮቹ ብቻ የሚሄደው ተፈጥሯዊው ነው፤ በዕብራይስጥ ሚኖር ቲብዒ ይሉታል። የሀትክቫ ዜማ በዚህኛው ነው የሚሄደው። ሁለተኛው ሃርሞኒ ሲሆን፣ ሰባተኛው ድምፅ ሶል በግማሽ ቶን ከፍ ብሎ ሶል ዲዬዝ ይሆናል። ምክንያቱም ሶል ዲዬዝ ለላ በጣም ስለሚቀርብ ወደ ቤት ይስበናል፤ ጆሮ «አሁን ላ መምጣት አለበት» ይላል። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ከፋ እስከ ሶል ዲዬዝ ያለው ርቀት ሦስት ግማሽ ቶን ሆኖ ይሰፋል። ይህ ሰፊ ዝላይ ከጎረቤት ቤት የሚሰማውን የሚዝራሒ ዘፈን የሚያስታውስ ድምፅ ነው፤ ከሚ ጀምረን ሚ፣ ፋ፣ ሶል ዲዬዝ፣ ላ ብንጫወት ዐረቦች ሒጃዝ የሚሉት ይሆናል።

ሦስተኛው ሜሎዲ ነው። ያን ሰፊ ዝላይ ለመዘመር ስለሚከብድ፣ ስንወጣ ፋም ሶልም ዲዬዝ ይሆናሉ፤ ስንወርድ ሁለቱም ወደ ነጭ ይመለሳሉ። የልጆች ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፤ ሲወጡ ያስታውሳሉ፣ ሲወርዱ ይረሳሉ።

ጣቶቹ

የፒያኖ ሰዎች ጣቶችን በቁጥር ይጠራሉ፤ በሁለቱም እጅ አውራ ጣት 1፣ ትንሿ ጣት 5 ናት። ድምፆቹ ስምንት፣ ጣቶቹ አምስት ስለሆኑ መሃል ላይ እጅ መሻገር ግድ ይለዋል። ቀኝ እጅ ላን በ1፣ ሲን በ2፣ ዶን በ3 ይነካና አውራ ጣት ከመሃል ጣት ሥር ሾልኮ ሬን ይይዛል፤ ከዚያ ሚ 2፣ ፋ 3፣ ሶል 4፣ ላ 5 ነው። ግራ እጅ በተቃራኒው ከትንሿ ይነሣል፤ ላ 5፣ ሲ 4፣ ዶ 3፣ ሬ 2፣ ሚ 1፤ ከዚህ ላይ የመሃል ጣት በአውራ ጣት ላይ ተሻግሮ ፋን በ3 ይይዛል፣ ሶል 2፣ ላ 1። ሲወርዱ በዚያው መንገድ ይመለሳሉ።

አስተውሉ፤ ቀኙ የሚሻገረው ሬ ላይ፣ ግራው ፋ ላይ ነው። ሁለቱ እጆች በአንድ ጊዜ አይሻገሩም። ልጁ በየእጁ ለብቻው አሳምሮ እየተጫወተ ሁለቱን ሲያጣምር የሚወላገድበት ምክንያት ይህ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። የልጄ መምህር ለዚህ ያደረገችው ዘዴ ቀላል ነው። ሁለቱንም አውራ ጣቶች አንድ ላ ላይ አስቀምጣ፣ ቀኙ ወደ ላይ፣ ግራው ወደ ታች፣ እንደ መስተዋት እየተራራቁ እንዲሄዱ አደረገች። ያኔ የሁለቱም እጅ ቁጥር 1፣ 2፣ 3፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ይሆንና አብረው ይሻገራሉ። ይህ ከለመደ በኋላ ወደ ተለመደው አብሮ መውጣት ተመለሱ።

ሌላው ዘዴ ድምፆቹን እንደ ጭብጥ መያዝ ነው። በቀኝ እጅ ላ፣ ሲ፣ ዶ አንድ ላይ ይጨመቃሉ፤ ከዚያ እጁ ተሻግሮ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል አንድ ላይ። ድምፁ ያስጠላል፤ ጎረቤት ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። ግን እጅ ቦታውን ያውቃል። ይህንን አንድ የጣት ሥርዓት የያዘ ልጅ ሚ ሚኖርን፣ ሬ ሚኖርን፣ ሶል ሚኖርንና ዶ ሚኖርንም በዚያው ቁጥር ይጫወታል። አምስት ሱላም በአንድ መንገድ ማለት ነው።

እቤት ውስጥ

አንድ ጊዜ ወጥቶ መውረድ ላይኛው ላ አንዴ ብቻ ስለሚነካ 15 ድምፅ ነው። ሜትሮኖሙን (ዛሬ በስልክ ላይ በነፃ ይገኛል) በደቂቃ 60 ላይ አድርገን በየምቱ አንድ ድምፅ ብንጫወት 15 ሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ ቀኝ እጅ አራት ጊዜ፣ ግራ እጅ አራት ጊዜ፣ ሁለቱ አንድ ላይ አራት ጊዜ ቢደረግ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። እኔ ሙሉ ቀን የመሰለኝ ነገር ለካ ሦስት ደቂቃ ነበር። በቀን አሥር ደቂቃ ለአንድ ልጅ ይበቃል፤ ግን በየቀኑ መሆን አለበት። ሰንበት ስለምናከብር በእኛ ቤት ስድስት ቀን ነው። ሐሙስ አንድ ሰዓት ተቀምጦ የሳምንቱን መጨረስ አይሠራም፤ ሞክረነዋል። ፍጥነቱን መጨመር የሚገባው ሦስት ጊዜ ያለ ስሕተት ከወጣ ብቻ ሲሆን፣ ያውም ከ60 ወደ 64 ነው እንጂ ወደ 100 አይደለም።

ኖታ የማያውቅ ወላጅ ምን ይስማ? እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሰማው። በቀኝ እጅ አራተኛው ድምፅ ከሌሎቹ ጎልቶ ዱብ ካለ አውራ ጣቱ ዘግይቶ ወድቋል ማለት ነው፤ አስቀድሞ ሥር ለሥር መሄድ ነበረበት። በግራ እጅ ስድስተኛው ላይ ክፍተት ከተሰማ መሻገሪያው ላይ ቆሟል። ሲወርዱ እየፈጠኑ ከሄዱ ለመጨረስ ቸኩለዋል። ዓይን ሲከፈት ደግሞ ትከሻና ክርን ይታያል፤ ሲሻገሩ ክርን ወደ ላይ ከተነሣ አውራ ጣት ሥራውን አልሠራም። ስሕተት ስሰማ ስሙን አልጠራም፤ «እስቲ እዚያች ላይ ድገሚልኝ» ብቻ ነው የምላት፤ እርሷ ራሷ ታገኘዋለች።

ስለ መሣሪያውም አንድ ነገር ልበል። መጀመሪያ የገዛሁላት ርካሽ ኦርጋኒት 61 ቁልፍ ያለው ነበር። ሻጩ «ያው ነው» ብሎኝ ነበር። ለጀማሪ ላ ሚኖር ቁጥሩ ይበቃል፤ ችግሩ ቀስ ብትነካም ብትመታም ድምፁ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ከላይ የነገርኳችሁ የአራተኛው ድምፅ ዱብታ እዚያ ላይ አይሰማም፤ ስለዚህ አይታረምም። ከተቻለ ቁልፉ የሚከብድ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካበት፣ ያገለገለም ቢሆን ይሻላል። ከ14፡00 እስከ 16፡00 ባለው የዕረፍት ሰዓት ጎረቤት እንዳይረበሽ ማዳመጫው ያስፈልጋል። ከሌሊት ሥራ ለተመለሰ አባትም እንዲሁ።

በኦክቶበር 2023 ጦርነቱ ሲጀመር አሽቀሎን ላይ የወረደውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቤታችን አሮጌ ስለሆነ ማማድ የለውም፤ አዛካ ሲሰማ ወደ ሚክላት እንሮጣለን። ትምህርቱ ተቋረጠ፣ ፒያኖውም እቤት ቀረ። መምህሯ በስልክ «ጠረጴዛ ላይ ታድርገው» አለችኝ። ልጄ ሚክላቱ ውስጥ የሲድር መጽሐፍ በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 1 እያለች ያለ ድምፅ ትለማመድ ነበር። ድምፅ ሲጠፋ ጣት ብቻ ስለሚቀር መሻገሪያው ጠራላት፤ ወደ ፒያኖው ስትመለስ አውራ ጣቷ ዱብ ማለቱን ትቶ ነበር። ይህን ልምምድ በሰላሙ ጊዜም አልተውነውም፤ አውቶቡስ ላይ በጉልበቷ ላይ ታደርገዋለች።

አሁን ሬ ሚኖር ላይ ናት። በዚህኛው ሲ ቤሞል ይሆናል፣ በሃርሞኒው ደግሞ ዶ ዲዬዝ ይጨመራል፤ ሁለት ጥቁር ቁልፎች ማለት ነው። የጣት ቁጥሩ ያው ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት፣ ዳቦው እየበሰለ ሳለ እናቴ ወንበሯን ትጠጋና «እስቲ ትርፎቹን አውጭልኝ» ትላታለች። በሬ ሚኖር አራተኛውና ሰባተኛው ሶልና ዶ ናቸው። ልጄ ትንሽ ታስባለች፤ ከዚያ ሁለቱን ዘላ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ ቤሞልን ቀስ አድርጋ ትነካላታለች።